«ጨረቃ ወጣች» ስንል ከየት?

ጥያቄ፦ ለስልክ መተግበሪያ የተዘጋጀ የአንድ ወር የጨረቃ ሠንጠረዥ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዓምዶቹ ጨረቃ በየቀኑ ያላትን መልክ፣ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ያሳያሉ። «ፌዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ምን ልበለው? «ጠለቀች» ልበል ወይስ «ገባች»? ደግሞም በአንድ ረቡዕ ረድፍ ላይ የመውጫው ሰዓት ቦታ ባዶ ስለሆነ «ጨረቃ የለችም» ብዬ ሞላሁት። ባልደረባዬ ግን «በዚያ ቀን ጠዋት እኮ ሰማይ ላይ ነች» ብላ ተከራከረችኝ። ከሁለታችን ትክክሉ ማን ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናት። ስለ ባዶው ቦታ እመለስበታለሁ፤ የጥያቄዎ ዋና ነገር እዚያ ያለ ስለሆነ በችኮላ ማለፍ አልፈልግም።

መጀመሪያ «ፌዝ»ን እናሰናብተው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለ ፌዝ ሲያወራ ማንም አይስቅም፤ «የዛሬው የጨረቃ ፌዝ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን ጨረቃ በማን ላይ እያሾፈች እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «ምዕራፍ» የሚሉም አሉ። ቃሉ ከ«ዐረፈ» የመጣ ስለሆነ በሥሩ ማረፊያ ማለት ነው፤ ጨረቃ ደግሞ አንዲት ሌሊት እንኳ በአንድ መልክ አታርፍም። እኔ «ገጽታ» የሚለውን እመርጣለሁ። የምናየው ፊቷን ነውና ቃሉ ከነገሩ ጋር ይገጥማል።

ለገጽታዎቹ ለውጥ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ጨረቃ ትሞላለች፣ ትጎድላለች። «እየሞላች»፣ «ሙሉ»፣ «እየጎደለች» ብለው ይጻፉ፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይረዳዋል። የሚያስቸግረው «የመጀመሪያ ሩብ» የሚባለው ነው። አንባቢው ቀና ብሎ ሲያይ የበራው ግማሹ ፊቷ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን «ሩብ» ይለዋል። ሩብ የተባለው ዙሩ እንጂ ፊቷ አይደለም፤ ከ29 ቀን ተኩል ዙሯ አንድ አራተኛውን ጨርሳለች ለማለት ነው። «ግማሽ ጨረቃ» ብለን እንዳንገላገል ደግሞ ይህን ስም ብዙ ሰው ለቀጭኗ፣ ለተቆለመመችው ጨረቃ ይሰጠዋል። አማርኛችን ለዚያች ቀጭን ጨረቃ ሁሉም የተስማማበት የራሷ ስም አልሰጣትም፤ የዓለም አቀፉን የእርዳታ ማኅበር ዓርማ እንኳ «ቀይ ጨረቃ» ብለን ነው የምንጠራው፣ የተሳለችው ቀጭኗ ብትሆንም። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው፦ ቀጭኗን «ቀጭን ጨረቃ»፣ ሩብ የሚባሉትን «እየሞላች፣ ግማሽ» እና «እየጎደለች፣ ግማሽ» ይበሏቸው።

ወደ ግሦቹ እንምጣ። «ገባች» ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጨረቃ ደመና ውስጥም ትገባለች፤ ከዚያም ትወጣለች። «ጠለቀች» ግን የሚነገረው ከአድማስ በታች ስትወርድ ብቻ ነው። ለሠንጠረዥ የሚሻለው ሌላ ፍቺ የማይሰጠው ቃል ነውና ርእሶቹን «መውጫ» እና «መጥለቂያ» ያድርጓቸው። («መውጫ» ብቻውን የሕንፃ በር ላይ የተለጠፈ ይመስላል፤ ቦታ ካለዎት «የጨረቃ መውጫ» ይበሉ።)

«ወጣች» የሚለው ግን ያልጠረጠሩት ወጥመድ አለው። ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ በኩል ቀጭን ጨረቃ ስናይ «ጨረቃ ወጣች» እንላለን። እውነቱ ግን ልትጠልቅ መሆኑ ነው! የወጣችው ከፀሐይ ጥቂት ዘግይታ ጠዋት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ውጧት ሳናያት ዋለች። በዕለት ንግግር ይህ ምንም አይጎዳም። የእርስዎ አንባቢ ግን በምሽት «ወጣች» ያላትን ጨረቃ ሠንጠረዡ «መውጫ፦ ጠዋት» ሲለው መተግበሪያው የተሳሳተ ይመስለዋል። ስለዚህ ለዓይን ሲሆን «ታየች»፣ ከአድማስ በላይ ብቅ ስትል «ወጣች» ብለው ይለዩ።

ግእዝ ይህን በጥንቃቄ ይዞታል። «ሠረቀ» ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይም ጨረቃም የሚወጡበትን አቅጣጫ «ምሥራቅ» ያልነው ከዚሁ ነው። «ምዕራብ»ም እንደዚሁ «ዐርበ»፣ ጠለቀ፣ ከሚለው ነው። አንድ ሠራዊት የሚያህል ልዩነት በአንዲት ፊደል ላይ ቆሟል፦ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ወጣ፣ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ሌባ ይሆናል። ዛሬ ሁለቱን የማይለይ ጸሐፊ ብዙ ስለሆነ «ሠርቀ ወርኅ»ን፣ ማለትም የጨረቃ መውጣትን፣ በዚህ ስሙ በመተግበሪያዎ ውስጥ እንዲያስገቡ አልመክርም።

ለአዲስ ጨረቃ «መባቻ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን ላይ አለ። ያማረ ቃል ነው፤ «ወሩ ባተ» ከምንለው የመጣ ነው። «ወር» ራሱ «ወርኅ» ከሚለው የተወለደ ሲሆን ወርኅ በግእዝ ጨረቃም ወርም ነው። ችግሩ ወሩ ከእናቱ መለያየቱ ነው። የምንቆጥረው ወር 30 ቀን ሲሆን የጨረቃ ዙር በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ መባቻ ያሉት ሰው የወሩን የመጀመሪያ ቀን ይረዳል፤ ያን ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ልትሆንም ትችላለች። «አዲስ ጨረቃ» ይበሉና ይለፉ፤ በዚያች ዕለት ግን ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ስለምትጠልቅ እንደማትታይ ያስታውቁ።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ አማርኛ አንድ አስቂኝ ነገር ያደርግብዎታል። በግምት ብንወስደው አዲስ ጨረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ትጠልቃለች። እየሞላች ግማሽ የሆነችው ከቀኑ 6 ሰዓት ወጥታ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ትጠልቃለች። ሙሉዋ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12፣ እየጎደለች ግማሽ የሆነችው ከሌሊቱ 6 እስከ ቀኑ 6 ነች። «ከንጋቱ»ን፣ «ከሌሊቱ»ን ቢያወጧቸው የሚቀረው 12፣ 12፣ 6፣ 6 ብቻ ነው፤ ሙሉ ጨረቃና የማትታይ ጨረቃ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብለው እነዚህን ቃላት እንዳይቆርጡ አደራ እላለሁ።

አሁን ባዶዋ ረድፍ። ጨረቃ በየዕለቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ማክሰኞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ38 ወጣች እንበል። ቀጥሎ የምትወጣው ከ24 ሰዓት ከ48 ደቂቃ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ26 ነው። ሠንጠረዡ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ይህ መውጫ የሐሙስ ሆኖ ተመዘገበ። ረቡዕ በመሀል መውጫ ሳይኖረው ቀረ። ማክሰኞ ሌሊት የወጣችው ጨረቃ ግን ረቡዕ ረፋዱን ሁሉ ሰማይ ላይ ነበረች፤ ባልደረባዎ ያየቻት እሷን ነው። መጥለቂያውም እንዲሁ በወር አንድ ጊዜ ያህል ቀን ይዘላል።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ያንን መውጫ «ረቡዕ ሌሊት» ይለዋል፤ ለእሱ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው። ባዶው ቀን በዚህ አቆጣጠር አይጠፋም፤ ጨረቃ በንጋት የምትወጣበት ጊዜ አዲስ ጨረቃ አካባቢ ስለሆነ ወደዚያ ይዛወራል እንጂ። ሁለቱን አቆጣጠር የሚያስታርቅ ቃል ደግሞ በእጃችን አለ፦ «አጥቢያ»። «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ሲባል ሌሊቱ የማን እንደሆነ የሚከራከር የለም። ስለዚህ የሐሙሱን ረድፍ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ26» ብለው ይጻፉ። በረቡዕ ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ «ጨረቃ የለችም» የሚለውን ሰርዘው «የምትወጣው ለሐሙስ አጥቢያ ነው» ይበሉ። የመጥለቂያውን ሰዓት ግን እንዳለ ይተዉት፤ ረቡዕ እኩለ ቀን ገደማ ትጠልቃለችና።