«ሰው ልላክ ወይስ እስክድን ልጠብቅ?»

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኢንተርን (በልምምድ ላይ ያለች) ሐኪም አጭር ጥያቄ ላከችልኝ። የምትከታተላቸው እናት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ ልጆቻቸው ግን «ከነገርሻቸው በድንጋጤ ይሞቱብናል» ብለው እንዳትናገር አስምለዋታል። መልሱን ልጽፍ ስቀመጥ ከ40 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ያየሁት የአንድ አባት ፊት ድቅን አለብኝ።

ጊዜው 1974 ዓ.ም. ነበር። በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ከነበርነው ሁለት ሐኪሞች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰውየው ሃምሳውን ያለፉ ገበሬ ሲሆኑ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ መዳፌን ከቀኝ ጎድናቸው በታች ሳሳርፍ ጉበታቸውን እንደ ድንጋያማ መሬት ወጣ ገባ ሆኖ ጠጥሮ አገኘሁት። ልጁ ኮሪደር ድረስ ተከትሎኝ ወጣና አባቱ እንደማይድኑ ስነግረው ካለቀሰ በኋላ ለአባቱ እንዳልናገር ለመነኝ። እሺ አልኩት። ደግ ነገር ያደረግሁም መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለራውንድ፣ ሕሙማኑን ልጎበኝ ስገባ እጄን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዶክተር፣ አገር ቤት የምፈጽመው ጉዳይ አለኝ፤ ሰው ልላክ ወይስ እስክድን ልጠብቅ?» አሉኝ። ልጃቸው በግርጌ በኩል ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያያል። «ይጠብቁ አባባ፣ ጉበትዎ ትንሽ ተቆጥቶ ነው፤ ይሻልዎታል» አልኳቸው። እጄን ለቀቁ፣ ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከሳምንት በኋላ ራሳቸውን ሳቱ፤ በሁለተኛው ሌሊት ዐረፉ።

ወር ሳይሞላ ልጁ ተመልሶ መጣ። ወደ ጦር ግንባር የዘመተ አንድ ጎረቤታቸው ገንዘቡን አባቱ ዘንድ በአደራ አስቀምጦ ኖሯል፤ ሚስቲቱ የባሏ መርዶ ደርሷት አደራውን ብትጠይቅ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የቤቱን ወለል ቆፍረው አላገኙም። «ዶክተር፣ አባቴ ለእርስዎ የነገረዎት ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። ጉዳይ እንዳላቸው ነግረውኝ ነበር፤ ይጠብቁ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያ ሰው በመንደሩ «አደራ በላ» እየተባለ ስሙ መነሣቱን በኋላ ሰማሁ።

ለብዙ ዓመታት ራሴን ያጽናናሁት በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ስንመረቅ የማልነው መሐላ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም የሂፖክራተስ መሐላ ምሥጢር ጠብቅ፣ አትጉዳ ይላል እንጂ ለሕመምተኛው እውነቱን ንገር የሚል ቃል የለበትም፤ በስሙ ከሚጠሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ እንዲያውም የሕመሙን መጨረሻ መሰወርን ይመክራል። ሁለተኛው «ባህላችን አይፈቅድም» የሚለው ነው፤ ይህንን ዛሬ አልቀበለውም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ አደጋውን በጊዜው ማወቅ ያለባቸው በቅድሚያ የሕመምተኛው ወዳጆች እንደሆኑ ይደነግግ ነበር፤ ይህ እኔ ኮሪደር ላይ ያደረግሁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ የቺካጎ ጥናት 90 ከመቶ ያህሉ ሐኪሞች የካንሰርን ምርመራ ውጤት ለሕመምተኛው አለመናገርን መርጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሌላ ጥናት ግን 97 ከመቶዎቹ መናገርን መረጡ። በመካከሉ ሕክምናው ተሻሽሏል፤ ሕሙማንም መብታቸውን መጠየቅ ጀምረዋል። በአላባማ በተስኪጊ አካባቢ ቂጥኝ የያዛቸው 400 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን «መጥፎ ደም ነው» እየተባሉ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ሳይታከሙ በጥናት ስም መያዛቸውም ይፋ ወጥቷል። የእኔ ሐሳብ ከእነዚያ ተመራማሪዎች የተለየ ቢሆንም ያንን ቃል ባነበብኩ ቁጥር «ጉበትዎ ተቆጥቶ ነው» ያልኩት ትዝ ይለኛል።

ደግሞስ የትኛው ባህላችን ነው መደበቅን ያዘዘው? ኑዛዜ የሚለው ቃላችን በንስሐ አባት ፊት ኃጢአትን መናገርንም፣ ንብረትንና አደራን ማስታወቅንም በአንድነት ይይዛል፤ አያቶቻችንም ከድንገተኛ ሞት እንዲሰወሩ የሚጸልዩት ሳይናዘዙ እንዳይሞቱ ነው። ለእኒያ አባት የነፈግኋቸው ይህንን ነው።

ይህንን ሁሉ አውቄ ግን ከዓመታት በኋላ እናቴ ስትታመም ሐኪሟን እንዳይነግራት የለመንኩት እኔ ነኝ። እሷንም «ደም ማነስ ነው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ፤ በማግሥቱ የንስሐ አባቷን አስጠራች። ስለዚህ የምትለምናችሁን ልጅ አትቆጧት፤ ፍርሃቷን አውቀዋለሁ።

እናንተን የማዝንባችሁ በሌላ ነው። ብዙዎቻችሁ የሕመምተኛውን ሆድ ሳትዳስሱ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ታነባላችሁ፤ ውጤቱም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቤተሰቡ መካከል ሲዞር ባለቤቱ ብቻ ሳያየው ይቀራል። ሆኖም በእኛ ዘመን ማንም ያልጠየቀውን ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ከእናንተው አንዷ ናት።

ልጄ፣ እኒያ እናት አሁንም አልጋቸው ላይ ካሉ ልጆቻቸውን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አስወጪና ወንበር ስበሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ስለ ሕመማቸው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ፣ ሲነገራቸውም ማን አብሯቸው እንዲሆን እንደሚሹ ጠይቂያቸው። «ለልጆቼ ንገሪያቸው፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ካሉሽ ያንን አክብሪላቸው። ከዚያ በፊት ግን አገር ቤት የሚፈጽሙት ጉዳይ እንዳላቸው ጠይቂያቸው።