ከአምልኮ በኋላ የቀረቡ ጥያቄዎች፦ እምነታችንና ፖለቲካችን

ዛሬ እሁድ ቱሉ ዲምቱ ከአምልኮ በኋላ በወረቀት ለሰጣችሁኝ ጥያቄዎች የመለስኩትን እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «አገራችን በሰማይ ነው» ተብሏል። ፖለቲካ ለክርስቲያን ምን ይሠራለታል?

መልስ፦ ይህን የጻፈው ጳውሎስ ሊገርፉት ሲሉ በሮማዊ ዜግነቱ ተከራክሯል፤ ኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ኤርምያስም ምርኮኞቹን የባቢሎንን ሰላም ፈልጉ አላቸው። እነሱ የማረከቻቸውን ከተማ እንዲህ ከተባሉ፣ እኛ ልጆቻችንን የምናሳድግባትን እንዴት ችላ እንላለን?

ጥያቄ፦ ፓስተር ከመድረክ ፓርቲ ቢደግፍስ?

መልስ፦ አይገባውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላውን ፓርቲ የመረጠች እናት በዚያ እሁድ ቃሉን በምን ልብ ትሰማለች የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ዕጣ ደርሶኝ የገባሁበት ኮንዶሚኒየም የተሠራው የገበሬ መሬት ላይ ነው። ኃጢአት አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ናቡቴን አስቢው (1ኛ ነገሥት 21)። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን ፈልጎ መጀመሪያ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ገንዘብ ልስጥህ ብሎት ነበር። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ከዚያ በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በሽማግሌዎችና በሁለት የሐሰት ምስክሮች ተገደለ። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነበር፤ ይህ ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

አንቺ አክዓብ አይደለሽም፤ ከደሞዝሽ እየቆረጥሽ ለዓመታት ቆጥበሽ ነው የገባሽው። ቤቱን ልቀቂ አልልሽም። ግን የእኛን ብሎክ የሚጠብቁ አባት አሉ። አንድ ማታ መኪና የሚቆምበትን ቦታ በዱላቸው እያሳዩ «አውድማችን እዚህ ነበር፤ ጤፍ የምንወቃው» አሉኝ። ካሳው ልጅ ተድሮበት፣ ጣሪያ ተቀይሮበት አልቋል። አሁን የገዛ መሬታቸውን በወር ደሞዝ ይጠብቃሉ። ክርስቲያን ነዋሪ ጥያቄዎቹን ሲደረድር፣ ከውሃውም ከታክሲ ሰልፉም በፊት እኚህ አባት ይምጡ ባይ ነኝ። የብሎኩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ደሞዛቸው ቀኑን ጠብቆ እንዲከፈል አንሺ። ሌላ ገበሬ ከመሬቱ ሲነሣም «ልማት ነው» ብለሽ ከማለፍሽ በፊት ካሳው ስንት ነው፣ ቤተሰቡስ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ጠይቂ። ጠዋት «አካም ቡልተኒ» ብሎ በቋንቋቸው ሰላም ማለትም ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የብሔሬ ሰው ሲገደል ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበል። ግን የሞት ዜና ስትሰማ ቀድሞ ከአፍህ የሚወጣው «የየት ሰዎች ናቸው?» ከሆነ ልብህን መርምር። እኔም እንዲህ ስጠይቅ ራሴን አግኝቼው ንስሓ ገብቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሮሜ 13 መንግሥትን ታዘዙ ይላል። እስከ የት?

መልስ፦ ሐዋርያት በሸንጎ ፊት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» እስካሉበት ድረስ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው በ1928 በፋሺስቶች ተረሸኑ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የሰው ሥጋና ነፍስ ተለያይተው አይገለገሉም ሲሉ ኖሩ፤ ከአገር መውጣት ሲችሉ ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም ብለው በ1971 በደርግ ተገደሉ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። ክፍያ ሲዘገይብኝ የቀን ሠራተኞቼን አቆያቸዋለሁ። ይህም እዚህ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም ቀድሞ። ዘዳግም 24 ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው ይላል፤ ያዕቆብ 5 ደግሞ የተያዘው ደመወዝ ይጮኻል ይላል። አሸዋ የምታመላልስልህ ሴት ማታ ሽሮና ዘይት የምትገዛው በዚያ ብር ነው፤ ባለሱቁም ዱቤ ሰልችቶታል። ነገ ሰኞ ነው። ያለፈውን ሳምንት ሥራ ሳይጀመር ክፈላቸው።