የወባ መድኃኒት ለሉፐስ መታዘዙ ስህተት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። ታናሽሽ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ) ተብላ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ታዘዘላት፤ ጎረቤት ግን «ይሄ እኮ የወባ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ምን ወባ አለ?» ስላላት ሳትጀምረው አስቀመጠችው። ሐኪሞቹ ተሳስተው ይሆን ወይ ነው ያልሽው። አልተሳሳቱም፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ወስጄዋለሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ያኔ ፀሐይ ላይ ልብስ ሳሰጣ ከዋልኩ ማታ ከአንዱ ጉንጬ በአፍንጫዬ ተሻግሮ እስከ ሌላው ፊቴ ይቀላል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትቀባኝ ነበር። ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ የሻይ ብርጭቆ የማነሳው በሁለት እጄ ነው። ሉፐስ መሆኑ እስኪታወቅ ዓመት አለፈ።

የወባ መድኃኒት ለዚህ መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወባ ሜፓክሪን ይወስዱ የነበሩ ወታደሮች የቆዳ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሻላቸው ታየ። እ.ኤ.አ. በ1951 ፔጅ የሚባል ሐኪም 18 የሉፐስ ታማሚዎችን በዚሁ አክሞ ውጤቱን አሳተመ። የእኛው ክኒን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ የወባ ተውሳክ ምግቧን የምትፈጭበት አሲዳማ ከረጢት አላት፤ መድኃኒቱ እዚያ ይጠራቀማል። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችንም አሲዳማ ከረጢት አላቸው፤ እዚያ ሲገባ የገዛ አካላችንን እንደ ጠላት ማጥቃታቸውን ያበርደዋል።

ግን ቀስ ብሎ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ለውጥ አላየሁም፣ ልተወውም ነበር። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ጀበናውን በአንድ እጄ አንስቼ ቡና ቀዳሁ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

በ2012 ኮሮና ሲገባ «ያድናል» ተባለና ክኒኑ ከየፋርማሲው ጠፋ። ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ዞሬ አጣሁት። ስድስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ቆየሁ፤ እግሬ አበጠ፣ ሽንቴ ላይም ኩላሊት መነካቱን የሚጠቁም ፕሮቲን ታየ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሪከቨሪ የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ ጥናት ሆስፒታል ለተኙ የኮሮና ታማሚዎች እንደማይጠቅም አረጋገጠ፤ ሰኔ 8 ቀን አሜሪካም ሰጥታው የነበረውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰረዘች። ለሉፐስ ግን ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ መድኃኒቱን ያቋረጡት ከቀጠሉት ይልቅ በሽታው የመነሳቱ ዕድል 2.5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትግዛ።

የምፈራላት ዓይኗን ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ሬቲናን (ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ ደግሞ አይመለስም። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ ትመዘንና ሐኪሟን ትጠይቅ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ዓይኗን ትታይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ። ኩላሊቷ የተነካ ከሆነ ግን አምስት ዓመት አይጠበቅም፣ ቀደም ብሎ ይጀመራል። ሆዷን እንዳይረብሻት ምግብ በልታ ትዋጠው። ብታረግዝም በራሷ እንዳታቆም፤ አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝናም ይቀጥላል።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ አደራ፣ ቆልፋ ታስቀምጠው። አንድ ሁለት ፍሬ ትንሽ ልጅ ሊገድል ይችላል።