ከመግባታችሁ በፊት ግንቡን እዩት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በግንባታ ሥራ ነው። ስለዚህ የድሮ ባለጸጋ መኖሪያ ሙዚየም ሆኖ ሳገኝ፣ ከሚያምረው ወንበር በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው። እናንተም ይህን ልማድ ብትይዙት ደስ ይለኛል። ሰልፊ አትነሱ አልልም፤ ተነሱ። ግን ድንጋዩ ከየት መጣ፣ ማንስ ጠረበው ብላችሁ ጠይቁ።

ሜክሲኮ ውስጥ፣ በዩካታን ግዛት፣ ሜሪዳ የምትባል ከተማ አለች። ከዋናው አደባባይ በስተደቡብ የሞንቴሆ ቤት ቆሟል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ስፔናውያን ሜሪዳን በ1542 ሲመሠርቱ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ቦታው ባዶ ሜዳ አልነበረም። ቲሆ የምትባል፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማያዎች ከተማ ነበረች። የእሷ ሕንጻዎች እየፈረሱ ድንጋያቸው ለአዲሱ ከተማ ዋለ።

ቶሎ አትግቡ። አደባባዩ ላይ ቁሙና ፊት ለፊቱን እዩት። ረጅም ጦር የያዙ ሁለት ወታደሮች፣ አፋቸውን በከፈቱ ጭንቅላቶች ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ዱላ የያዙ ጸጉራም ሰዎች አሉ። አስጎብኚዎች ጭንቅላቶቹ የተሸነፉት ማያዎች ናቸው ይሏችኋል። የለም፣ አውሮፓ ውስጥ የተለመደ ቅርጽ ነው የሚሉም አሉ። እናንተው ተከራከሩበት።

ግንቡ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ሥራውን ያዘዘው ዩካታንን የወረረው ስፔናዊ ሹም ፍራንሲስኮ ደ ሞንቴሆ እንደሆነ ይናገራል፤ ዓመቱ 1549። ድንጋዩን የተሸከሙትና የጠረቡት ማያዎች ስም የለም። እኔም በሥራ ዘመኔ ስንት የምረቃ ሰሌዳ አይቻለሁ፤ የግንበኛ ስም ያነበብኩበት ግን ትዝ አይለኝም። ሞንቴሆ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሹመቱን ተነጠቀ። ስፔን ተመልሶ በ1553 ሞተ።

ውስጥ ስትገቡ ንቁ። ከመጀመሪያው ቤት የቀረው በዋናነት ያ የፊት ለፊት ግንብ ነው። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱና የምግብ ክፍሉ የሚያሳዩት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ የሀብታም ቤተሰብ ኑሮ ነው። «ወራሪዎቹ እንዴት ተንደላቀው ኖረዋል!» እያላችሁ እንዳትወጡ።

የሜሪዳ ባለጠጎች በዚያ ዘመን የከበሩት በቃጫ ነው። ሄኔኬን ከሚባል ተክል ይፋቃል። አሜሪካ ውስጥ የእህል ማጨጃ ማሽን ነዶ የሚያስርበት ገመድ ይሠራበት ነበር። እርሻው ላይ የሚለፉት ያኔም ማያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከፍለው በማይጨርሱት ዕዳ ለጌታው የታሰሩ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ግንቡም ወንበሩም፣ በሦስት መቶ ዓመት ልዩነት፣ የአንድ ሕዝብ ላብ ነው።

አንድ ቀን ትርፍ ካላችሁ ወደ ኢሳማል ውጡ። ከሜሪዳ በስተምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የፍራንሲስካኖች (የካቶሊክ መነኮሳት) ገዳም የተሠራው በማያ መቅደስ መደብ ላይ ነው። ኪኒች ካክሞ የሚባለው ፒራሚድ ግን አሁንም ከተማው ውስጥ አለ። የሜሪዳ ድንጋይ ከምን ዓይነት ሕንጻ እንደተነቀለ እዚያ ይገባችኋል። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ በጠዋት ሂዱ፣ ውሃም ያዙ።