ዲን ጽሕፈት ቤት ለተመደባችሁ ልጆች

አንዲት ወጣት በቀደም አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። በሰው ሀብት አስተዳደር ተመርቃ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲን ጽሕፈት ቤት ተቀጥራለች። «እትዬ፣ ቅጥሩን የሚጨርሰው ዋናው የሰው ሀብት ነው። የማዕረግ እድገቱን የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያያል። እኔ ደብዳቤ ተቀብዬ ደብዳቤ አስተላልፋለሁ። ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት?» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አንዲት እናት ትዝ አሉኝ።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ፣ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን ነው። ሦስተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ብርቅ ነበር። እኔ የምሠራው ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ግቢ፣ ዲን ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ስሙ ይቅር። አንድ ጎበዝ ሌክቸረር በአፈር ሳይንስ ሦስተኛ ዲግሪውን ሊማር ወደ ኔዘርላንድስ ተላከ። የትምህርት ፈቃድ ላይ ስለሆነ ደመወዙ አልተቋረጠም። እናቱ በውክልና ወር በወር እየመጡ ይቀበሉለት ነበር።

አንድ ወር ገንዘብ ያዡ «ስሙ ፔሮል ላይ የለም» አላቸው። ወደ እኛ ቢሮ መጡ። ውክልናቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሞቶብኝ ነው?» አሉኝ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ይደብቃል፣ ቀን ይመርጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስቦ ያረዳል። እሳቸውም ሞቱን ሰምተን የደበቅናቸው መስሏቸዋል። «ኧረ እማማ፣ ደህና ነው» እያልኩ ብምልላቸው አላመኑኝም። ያመኑት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በዲኑ ስልክ አስደውሎ የልጁን ድምፅ ካሰማቸው በኋላ ነው። ያኔ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ልጁ በስልክ «ፈቃዴ እንዲራዘም ከነአማካሪዬ ደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ ጊዜው ሳያልፍ ነው የላክሁት» አለ። የትምህርት ክፍሉም ደግፎ በሸኚ ደብዳቤ ለዲኑ ልኳል። እኛ ጋ ግን የለም። መሃል ላይ ዲን ተቀይሯል። አዲሱ ዲን አይተውት አያውቁም። የገቢ ደብዳቤ መዝገቡ በአዲሱ በጀት ዓመት ተቀይሮ አሮጌው መጋዘን ገብቷል። ልጁ ኮፒ ደግሞ ላከ። ዋናው መሥሪያ ቤት «ጥያቄው የቀረበው ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያ በሥራ ገበታው እንዲገኝ በጋዜጣ ተጠራ። ከዚያ የስንብት ደብዳቤ ወጣ።

በሌላ ቀን የአንድ መምህር ክሊራንስ፣ ማለት ከንብረትና ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ ስፈልግ፣ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ቦክስ ፋይል አወረድሁ። ደብዳቤው እዚያ ውስጥ ነበር። የገባበት ቀን ፈቃዱ ከማለቁ ብዙ ቀደም ይላል። በጎኑ የቀድሞው ዲን ምሪት፣ ማለት ጉዳዩ ወዴት እንደሚሄድ የጻፉት ትእዛዝ፣ አለ፦ «ለአካዳሚክ ኮሚሽን ይቅረብ»። ይዤ ወደ ዲኑ ሮጥሁ። ኮሚሽኑ፣ የግቢው የትምህርት ጉዳይ ጉባኤ ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ደገፈው። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን «ስንብቱ ተፈጽሟል፤ ከፈለገ ቅጥር ሲወጣ ይወዳደር» አለ። ልጁ በዚያ መሃል እዚያው ሥራ ይዟል። የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልን። አልተመለሰም።

ተምሮ ተመልሶ ሊያገለግል በገባው የጥናት ውል ላይ ፈርሞ ዋስ የሆነለት ባልደረባው የክፍያ ጥያቄ ደረሰው። እኚያው እናት ደግሞ በልጃቸው ስም ክሊራንስ ለማስፈረም ከቤተ መጻሕፍት ወደ ንብረት ክፍል ሲመላለሱ አየኋቸው። የእሱን ኮርስ ለዓመታት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በሚለመን መምህር ሸፈንን። አሁንም ያንገበግበኛል።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ጥፋተኛ ማጣቴ ነው። የትምህርት ክፍሉ ልኳል። ዲኑ መርተዋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደንብ ጠብቋል። ገንዘብ ያዡ ፔሮሉን አይቷል። ሁሉም ድርሻውን ሠርቶ ሰውየው ጠፋ። በኋላ የዲኖቹን የርክክብ ሰነድ አየሁት። ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ቁልፍ፣ የመኪና ትርፍ ጎማ ሳይቀር ተቆጥሯል። በእጅ ላይ ስላለ ጉዳይ ግን አንድ መስመር የለም።

የልጅቷ ጥያቄ እንቅልፍ የነሳኝ ለዚህ ነው። ዲን መምህር ነው። የሹመት ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ክፍሉና ወደ ምርምሩ ይመለሳል። እናንተ ግን እዚያው ናችሁ። የማን ፈቃድ መቼ እንደሚያልቅ፣ የማን የማዕረግ እድገት ፋይል ለውጭ ገምጋሚ እንደተላከ፣ የማን የሙከራ ጊዜ ቅጽ ሳይሞላ እንደቀረ ከእናንተ ሌላ አንድ ላይ የሚያውቀው የለም። «አስተላልፌያለሁ» ብላችሁ አታቁሙ። የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ አለባበስ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ የማልወድላችሁን ነገር ግን ልናገር። ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ከላካችሁ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላችኋል። ሁለቱ ምልክቶች ስለታዩ ሰውየው አንብቧል፣ አንብቦም ሠርቷል ማለት ነው? እኔ አስቸኳይ ደብዳቤ በእጄ ይዤ ሄጄ፣ ቁጥር አስሰጥቼ ነበር የምመለሰው። ይህን ስል ደግሞ ልክ ያልሆነ ነገር እንዳልናገር እፈራለሁ። ጡረታ ልወጣ ስል አብራኝ የሠራች ልጅ የትምህርት ፈቃድ ላይ ያሉትን መምህራን በሙሉ በኤክሴል መዝግባ፣ ሦስት ወር ሲቀራቸው ስማቸው ቀይ እንዲሆን አድርጋ ነበር። ያ ቀይ ቀለም በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

ሁለት ሕግ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳለም አትርሱ። መምህሩ የሚተዳደረው በከፍተኛ ትምህርት አዋጁና በሴኔት ሕጉ ነው። ጸሐፊዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና ሒሳብ ሠራተኛው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ። ሁለቱንም ራሳችሁ አንብቡ። የወሊድ ፈቃድ በአዋጅ 1064/2010 ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ ካለ በኋላ እንኳ፣ በልማድ የድሮውን ቁጥር የሚናገር ሰው ገጥሞኛል። አንዲት አራስ ሰውየውን አምና ብትመለስ ኖሮ የሚጎድለው የሕፃኑ ወር ነበር።

ቀን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ የተወለዱበት ዘመን ፎርሙ ላይ 1950 ይላል፤ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም። መጀመሪያ የሠሩት ፈረንጆች ዘንድ ነበር። ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ሲሆን ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያፋልስ ነገር ቀልድ አይደለም። ሰውየው ደመወዝም ጡረታም ሳይኖራቸው ማጣሪያ ሲጠብቁ ከረሙ። ሰው የሚወዱ፣ ተማሪ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ነበሩ።

ዲን ሊቀየር ነው ሲባል ከንብረት ቆጠራው ጎን አንድ ገጽ አዘጋጁ። ውሳኔ የሚጠብቀውን ጉዳይ ሁሉ ጻፉበት፦ የባለጉዳዩ ስም፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ምሪቱ፣ ቀነ ገደቡ። ወጪውም ገቢውም ዲን ይፈርሙበት። ጊዜ የለንም ካሉ ራሳችሁ ፈርማችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር አውጡለት፤ ግልባጩን ለምክትል ዲኑ ስጡ። ቀነ ገደቡ የቀረበውን ጉዳይ አዲሱ ዲን ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይዛችሁ ግቡ። ሥራ በዝቶባቸው ቢቆጡም ግቡ።