መልስ፦ አንብቤ መሄዴ ጥፋት ነው ወይ?

«አንብቤ ሄጄ ብጠይቀው ሆሚዮፓቱ ፊቱን አጠቆረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው?» ላልሽው፣ ኧረ በጭራሽ። (ሆሚዮፓት ማለት እጅግ ተበርዞ በቀጠነ መድኃኒት አክማለሁ የሚል ሰው ነው።) እዚህ ጀርመን እኔንም ገጥሞኛል። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለምትፈሪው ነገር ሳይቀር ይጠይቅሻል፣ የትኛው ሐኪም እንዲህ ጊዜ ይሰጣል? ችግሩ ጠያቂዋ አንቺ ስትሆኚ ነው። የሚሰጥሽ መድኃኒት ብልቃጥ ላይ «ሲ 30» ካለ፣ አንዱ እጅ በመቶ እየተበረዘ 30 ጊዜ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ከ12ኛው በኋላ ከዋናው ነገር አንዲት ሞለኪውል መገኘቷም ያጠራጥራል። ይህን ሳነሳበት «ብዙ አታንብብ» አለኝ። እንዴ! የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እኮ በ2017 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች የሆሚዮፓት መድኃኒት እንዳያዙ መክሯል። ጨዋታውን ከወደድሽው ሂጂ፣ መድኃኒት ብሎ የሚሰጥሽን የስኳር ፍሬም ምላስሽ ሥር አሟሚ። የግፊት መድኃኒትሽን አቁሚ ካለሽ ግን ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ።