ሶኬቱ ለምን ይግላል? የኤሌክትሪክ መኪናን ቤት ውስጥ ቻርጅ ስለማድረግ ጥያቄና መልስ

የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙ ሰዎች ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። አብዛኛው የሚያነሳው መኪናው የሚሰካበትን ሶኬትና ከጀርባው ያለውን ሽቦ ነው። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስለሆነ የምችለውን ያህል እዚህ ልመልስ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ካውያም ሆነ የውሃ ማፍያ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል። መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይስባል። ደካማ ቦታ ካለ ለመጋል በቂ ጊዜ ያገኛል። ቀጥሎ የምላቸው ነገሮች በሙሉ ከዚህ ይነሳሉ። ቁጥሮቹ በ220 ቮልት ለሚሠራ ቤት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከመኪናው ጋር ተንቀሳቃሽ ቻርጀር መጥቶልኛል። ያለኝ ተራ ሶኬት ላይ ብሰካው ምን ችግር አለው?

ሶኬቱና ሽቦው ጤነኛ ከሆኑ፣ ቻርጀሩን በ8 ወይም በ10 አምፔር አድርገህ መጠቀም ትችላለህ። ሶኬቱ ላይ 16 አምፔር ተጽፎ ብታይ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ 16 አታስጎትተው።

10 አምፔር ማለት 2.2 ኪሎ ዋት ነው። በ10 ሰዓት ውስጥ ወደ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ባትሪው ውስጥ ይገባል። መካከለኛ መኪና በዚህ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በቀን 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ይበቃዋል። ስለዚህ ትልቅ ቻርጀር ለመግዛት አትቸኩል።

መጀመሪያ ግን ሦስት ነገር አጣራ። ሽቦው ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያነሰ እንዳይሆን፣ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ከባድ ዕቃ እንዳይኖር፣ ግራውንዱም (ወደ መሬት የሚወስደው የመከላከያ ሽቦ) በትክክል የሚሠራ እንዲሆን። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቻርጅ አድርግና አቁመህ መሰኪያውን በእጅህ ዳስሰው። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅህን ማሳረፍ ካልቻልክ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ እዚያ ሶኬት ላይ ደግመህ አትሰካ።

ጥያቄ፦ 32 አምፔር የሚስብ፣ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ቻርጀር ገዝቻለሁ። ምን ዓይነት ሽቦና ስንት አምፔር ብሬከር ያስፈልገኛል?

እህቴ፣ መጀመሪያ የራሱ መስመር ይኑረው። ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቻርጀሩ ጋ የሚደርስ፣ መሃል ላይ ቅጥያ የሌለው፣ ሌላ ምንም የማይሰካበት መስመር ማለቴ ነው።

ለ32 አምፔር የመዳብ ሽቦው ቢያንስ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን። ርቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ሜትር ካለፈ ወደ ባለ 10 እለፊ። ሽቦው ከሌሎች ሽቦዎች ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ታጭቆ ከሄደ ወይም ሙቀት በሚይዝ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረም እንዲሁ ባለ 10 ይሁን። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ። 30 ሜትር ላይ 32 አምፔር ሲሄድ ባለ 6 ሽቦ 7 ቮልት ያህል ይበላል። ባለ 4 ቢሆን ከ10 ቮልት በላይ ይጠፋል። የጠፋው ቮልት በሙሉ ግድግዳሽ ውስጥ ሙቀት ይሆናል።

ብሬከሩ 40 ይሁን። ለሰዓታት ያለ እረፍት የሚስብ ዕቃ፣ የብሬከሩን አቅም 80 በመቶ ያህል ቢጠቀም ነው የሚመረጠው፤ የ40 80 በመቶ ደግሞ 32 ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሽቦው ራሱ 40 አምፔር መሸከም ከቻለ ብቻ ነው። ካልቻለ ሽቦውን አወፍሪ፣ ወይም ቻርጀሩን ወደ 25 አውርጂ።

ከሁሉ በፊት የቤቱን ዋና ብሬከርና የቆጣሪውን አቅም አሳዪ። ቤቱ በጠቅላላ 40 አምፔር ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ምድጃውና መኪናው አብረው አይሄዱም።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ማድረግ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል። የጠራሁት ሠራተኛ “በ32 ብሬከር እንቀይረው” አለኝ። ልስማማ?

በፍጹም አይስማሙ! ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ባለ 2.5 ሆኖ ብሬከሩ 32 ቢሆን፣ ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚነግርዎ እሳቱ ነው።

ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ የሚወርድ ብሬከር በሙቀት ነው የሚወርደው። ውስጡ ሲግል የሚታጠፍ ብረት አለ። ያንን ብረት ያጋለው ምን እንደሆነ ይፈለግ። 16 አምፔር ብሬከር ላይ 16 አምፔር ሙሉ ሌሊት ቢጎተት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ብሬከሩ ላይ ሽቦውን የሚያጠብቀው ብሎን መላላቱ ነው፤ ይህን ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ። ሦስተኛው፣ ግራና ቀኝ ያሉት ብሬከሮች ተጨናንቀው እርስ በርስ መጋጋላቸው ነው።

ዛሬ ማታውኑ ቻርጀሩን ወደ 10 አምፔር ያውርዱት። ነገ ባለሙያ መጥቶ ዋናውን አጥፍቶ ብሎኖቹን ያጥብቅ፣ የሽቦውን ውፍረትም ይይ።

ጥያቄ፦ ሶኬቱ ቀለጠ። አዲስ ቀየርኩ፤ እሱም ቀለጠ። ምንድን ነው የጎደለው?

ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልሰው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው።

ሙቀት የሚወለደው መገናኛ ላይ ነው፤ ሽቦው ከብሎኑ ጋር፣ የመሰኪያው እግር ከሶኬቱ መያዣ ጋር በሚገናኝበት። መገናኛው ከላላ ወይም ከቆሸሸ ለጅረቱ እንቅፋት ይሆናል። እንቅፋቱ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን በ16 አምፔር 25 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። የብየዳ ካውያ ጫፍ የሚያህል ሙቀት አውራ ጣት በማታክል ቦታ ላይ ማለት ነው። አምፔሩ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ32 አምፔር ከ100 ዋት ያልፋል። ለዚህ ነው ከ16 ወደ 12 መውረድ ሙቀቱን በግማሽ ገደማ የሚቀንሰው።

አንተ ሶኬቱን ቀየርክ እንጂ መሰኪያውን አልቀየርክም። አንዴ የጋለ የመሰኪያ እግር ይጠቁራል። ጥቁረቱ እንቅፋት ነው፤ አዲሱን ሶኬት እሱ አቃጠለው። የሶኬቱ መያዣም ሲግል ስፕሪንግነቱን ያጣል፣ ሲላላ የባሰ ይግላል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። መሰኪያው ከቻርጀሩ ጋር ተቀርጾ የተሠራ ከሆነ አምራቹ የሚፈቅደው መቀየሪያ እንዳለ ጠይቅ።

ከጀርባ ያለውም ሽቦ ይታይ። የጠቆረው ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቆረጥ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የመዳብ ቱቦ ገብቶ ተጨምቆ ነው ብሎን ውስጥ መግባት ያለበት። ጫፉን በሊድ በይዶ ማጥበቅ ግን ክፉ ልማድ ነው። ሊድ በብሎን ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከወራት በኋላ ብሎኑ ልል ሆኖ ይገኛል። ሽቦው አሉሚኒየም ከሆነ ለአሉሚኒየም በተሠራ ማገናኛ ካልሆነ በቀር ከመዳብ ጋር አይገናኝ።

ሶኬቱን ስትገዛ ሰማያዊውን የኢንዱስትሪ ሶኬት አስብ፤ በ16 እና በ32 አምፔር አለ። እግሮቹ ወፍራምና ክብ ናቸው፣ መያዣውም ጠንካራ ነው። መኪና በየቀኑ ለሚሰካበት ቦታ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቻርጀርህ እንዲህ ዓይነት መሰኪያ እንደሚቀበል ግን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ኤክስቴንሽን መጠቀም ይቻላል?

አይቻልም። ተጠቅልሎ ያለ ኤክስቴንሽን ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ እርስ በርሱ ይቀልጣል። መኪናውን ወደ ሶኬቱ አስጠጉ፣ ካልሆነም ሶኬቱን ወደ መኪናው ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ “ግራውንድ የለም” ይላል። ቤት ውስጥ ያለው ሌላው ዕቃ በሙሉ ግን ይሠራል።

ሌላው ዕቃ ግራውንድ ባይኖርም ይሠራል፤ አደጋ እስኪመጣ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። የመኪና ቻርጀር ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግራውንዱን ይፈትሻል። እውነቱን ነው የነገረሽ።

ሶኬቱ ውስጥ የግራውንድ ሽቦ መኖሩ ይታይ። ካለም እስከ መሬት መድረሱ ይለካ። በተቀበረው ዘንግ ዙሪያ ያለው አፈር ደርቆ ወይም ዘንጉ ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሎን ተላቆም ይሆናል። ፌዝና ኒውትራል (መብራቱን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ሲገለባበጡ ስህተት የሚያሳዩ ቻርጀሮችም አሉ። ከጄኔሬተር ጋር ሲሰካ ብቻ ከታየ ደግሞ የጄኔሬተሩ ኒውትራል ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። አንዳንድ ሠራተኞች ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙታል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቻርጅም ይጀምራል። ነገር ግን ኒውትራሉ አንድ ቀን ከጀርባ ቢበጠስ፣ የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። በሩን የሚነካው ልጅሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሠራልሽ አትፍቀጂ።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ የራሱ መከላከያ ካለው አርሲዲ (ጅረት ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ለምን ያስፈልገኛል?

የቻርጀሩ መከላከያ የሚጠብቀው ከራሱ በኋላ ያለውን ገመድ ነው። ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ያለውን አይጠብቅም። ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ይገጠም።

ዓይነቱም ይታይ። ተራው ታይፕ ኤሲ ለመኪና አይሆንም። መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ቢበላሽ ዲሲ ጅረት (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ወደ መስመሩ ሊያፈስ ይችላል፤ ያ ጅረት ታይፕ ኤሲን ያደነዝዘዋል፣ ሰው ቢያዝም ላይቆርጥ ይችላል። ቻርጀሩ 6 ሚሊ አምፔር ዲሲ የሚለይ መከላከያ ካለው ታይፕ ኤ ይበቃል። ከሌለው ታይፕ ቢ ያስፈልጋል። ይህ በመመሪያ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። የመፈተኛ ቁልፉንም አልፎ አልፎ ይጫኑት።

ጥያቄ፦ 22 ኪሎ ዋት ቻርጀር አስገጥሜ መኪናዬ ከ7 በላይ አይስብም። ተታልዬ ነው?

አልተታለልክም። ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ኤሲ መብራት ይሰጣል እንጂ ባትሪውን በቀጥታ አይሞላም። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው መኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው። የእሱ አቅም 7 ከሆነ ሳጥኑ 22 ቢሆንም 7 ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ቻርጁ በጣም ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ጥፋቱ የቤቴ ነው ወይስ ከውጭ የሚመጣው መብራት?

ይህ በመለካት ይለያል። ብዙ ቻርጀሮች ወይም የመኪናው ስክሪን ቮልቱን ያሳያሉ። ከመጀመሩ በፊት ያለውንና ሙሉ እየሳበ ያለውን ይመዝግቡ። ለምሳሌ 225 የነበረው በ16 አምፔር ወደ 205 ቢወርድ 20 ቮልት ጠፍቷል። 20 በ16 ሲባዛ 320 ዋት ነው። ያ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ሆኗል።

በዚያው ሰዓት ባለሙያ የብሬከር ሳጥኑ ላይ ይለካ። እዚያ 223 ካለ ችግሩ ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ባለው መስመርዎ ውስጥ ነው፤ ቻርጁን አቁመው ይፈለግ። ሳጥኑ ላይም 207 ከሆነ ቮልቱ የወደቀው ከዚያ በፊት ነው፤ ወይ የቆጣሪው ግንኙነት ላልቷል፣ ወይ ሠፈሩ በሙሉ በዚያ ሰዓት እየሳበ ነው። ሁለተኛው ከሆነ አምፔሩን ቀንሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት ይሙሉለት። ለፍሪጅ የተሠራ ትንሽ ስታቢላይዘር መሃል አያስገቡ፤ የመኪናን ጭነት አይችለውም።

ጥያቄ፦ ዝናብ ላይ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል?

መኪናው ላይ የሚሰካው ጫፍ ለዝናብ የተሠራ ነው። የሚያሰጋው የግድግዳው በኩል ነው። ሶኬቱ ክዳን ያለውና ቢያንስ አይፒ 54 (ከአቧራና ከውሃ ርጭት የሚጠብቅ ማለት ነው) የተጻፈበት ይሁን። የቻርጀሩ ሳጥን መሬት ላይ ውሃ ውስጥ አይተኛ፣ ከገመዱም ተንጠልጥሎ መሰኪያውን አይጎትት።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬን ቢያንስ ምን ልጠይቅ?

አንድ መስመር ብቻ ጠይቅ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ አርሲዲና አንድ ባለ 16 ሰማያዊ ሶኬት። በ13 አምፔር ብትጠቀም ወደ 2.8 ኪሎ ዋት ነው፤ ሌሊቱን ይበቃሃል። አከራይህ በቆጣሪው ክፍያ እንዳይሰጋ መስመሩ ላይ ትንሽ የራሱ ቆጣሪ አስገጥምለት። ስትለቅ ቻርጀርህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ መስመሩ ለቤቱ ይቀራል። ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረው በጎ መልስ የምታገኝ ይመስለኛል።